ወንበርና በርጩማ፦ በድሬዳዋና በሐረር የትምህርት መስክ ለሚመርጡ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የሂሳብ ሹም ጡረታ ሲወጣ የስንብቱ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ቦታውን የሚፈልጉት ሰዎች ስም ከከዚራ እስከ ሳቢያን ይሰማል። ሐረር ደግሞ ትብሳለች፤ ለሰውየው ደብዳቤው ሳይደርሰው ፈረስ መጋላ ላይ ተተኪው ተመርጦ ያድራል። ቀልድ ይመስላል እንጂ የትንሽ ከተማ የሥራ ገበያ ይኸው ነው። ወንበሩ ይታወቃል፣ የተቀመጠበት ሰው ይታወቃል፣ የሰውየው ዕድሜም ይታወቃል። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ «ይህ ትምህርት ሥራ አለው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ያስኬደዋል። እዚህ ያለ ተማሪ ግን «ስንት ወንበር አለው? ማን ተቀምጦበታል?» ማለት አለበት።

በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ነዋሪ 341,834፣ የሐረሪ ክልል ደግሞ 183,415 ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም አድገዋል። ቢሆንም ዋና ዋና ቀጣሪዎቻቸው ዛሬም በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ተጽፈው ያልቃሉ።

እኔ የተማርኩት ማኔጅመንት ነው። ከተመረቅሁ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ አንባቢ ሆኜ ኖርኩ። በመጨረሻ ሥራ ያስገኘልኝ ዲግሪዬ ሳይሆን የመኪና መለዋወጫ ለይቼ ማወቄ ነው፤ እሱንም የተማርኩት በልጅነቴ አባቴ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ ሳቀብል ነው። ዛሬ በአንድ የግል ድርጅት ሰው ከሚቀጥሩት ወገን ነኝ። ዘንድሮ የእኅቴ ልጅ የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጽ ይዛ መጥታ «አጎቴ፣ የቱን ልሙላ?» አለችኝ። ያን ቀን የነገርኳትን ነው እዚህ አሳጥሬ የጻፍኩት። እሷ ግን አሳጠርከው አትልም።

ለማነጻጸሪያ የምጠቀምባቸው ሁለት ቃላት ናቸው። ወንበር የምለው ሌላ ሰው የሚሰጣችሁን የቅጥር ቦታ ነው። በርጩማ የምለው ደግሞ ሙያው ራሱ ይዞላችሁ የሚመጣውን መቀመጫ ነው፤ ቀጣሪ ቢጠፋ እንኳን አንድ ጥግ ላይ አስቀምጣችሁ ትሠሩበታላችሁ። ወንበሩ ብዙ ሆኖ በርጩማ የሌለው መስክ አለ፤ ወንበሩ ጥቂት ሆኖ በርጩማው ጠንካራ የሆነም አለ። በትንሽ ከተማ እኔ ሁልጊዜ የማደላው ለበርጩማው ነው።

ከመስኩ በፊት መንገዱ

ብዙ ወላጅ ስለ መስክ ሲከራከር ልጁ የትኛው መንገድ ላይ እንደቆመ ይረሳል። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ትንሽ ቢሻሻልም አብዛኛው ተፈታኝ አሁንም ግማሽ አያመጣም። ስለዚህ ለአብዛኛው ቤተሰብ እውነተኛው ምርጫ በሕክምናና በኢንጂነሪንግ መካከል አይደለም፤ በሪሜዲያል (ነጥብ ላልሞላላቸው በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት)፣ በግል ኮሌጅና በቴክኒክና ሙያ መካከል ነው።

ዲግሪ የሚማር ሁሉ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። የግል ኮሌጅ የምትመርጡ ከሆነ የኮሌጁን ስም ብቻ ሳይሆን የምትማሩት መስክ በዚያው ካምፓስ ዕውቅና እንዳለው ጠይቁ። ዕውቅና የሚሰጠው በየመስኩና በየካምፓሱ ነው። አንድ ጊዜ ለቅጥር የመጣች ልጅ ሙሉ ማስረጃ አቀረበችልኝ፤ ኮሌጁ ዕውቅና ነበረው፣ የእሷ መስክ ግን አልነበረውም። አራት ዓመት ከፍላለች። የኮሌጁን ስም አልጠራም፣ የልጅቷን ፊት ግን አልረሳውም።

ሂሳብ አያያዝ ወይስ ማኔጅመንት?

ሁለቱ በአንድ ሕንፃ ስለሚሰጡ ወንድምና እኅት ይመስላሉ። በሥራ ገበያ ግን ዘመድም አይደሉም።

የማኔጅመንት ምሩቅ ሥራው የሌላ ሰው ድርጅት ነው። ድርጅቱ ከሌለ ሙያው አየር ላይ ይንሳፈፋል። የእኛ ከተሞች ትልልቅ ነጋዴዎች ደግሞ ሱቃቸውን ለማስተዳደር ልጃቸውን እንጂ ምሩቅ አይፈልጉም። ይህን በምሬት አልናገርም፤ እኔም ሱቅ ቢኖረኝ ልጄን አስቀምጥ ነበር።

ሂሳብ አያያዝ ሌላ ነው። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት፤ የዓመቱን ግብር ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃል። በላዩ ላይ በየወሩ ቫት፣ በየወሩ የሠራተኛ ግብርና ጡረታ አለ። ድሬዳዋ ውስጥ በታይዋን ገበያ ዙሪያ ያለ አስመጪ ቋሚ የሂሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር ሥራው አይበቃውም፤ ያለ ሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ መኖር አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው ለአምስትና ለስድስት ነጋዴ በየተራ ይሠራል። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም የጫነ ላፕቶፕ፣ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ የመለየት ዓይንና የተዘጋ አፍ ካለው በርጩማው ይኸው ነው። የተዘጋ አፍ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በትንሽ ከተማ የአንዱን ነጋዴ ገቢ ለሌላው ሹክ ያለ ሰው በሳምንቱ ሁሉንም ደንበኞቹን ያጣል።

በባንክ ወንበር ላይ ብቻ ዓይናችሁን አትጣሉ። ቅርንጫፉ ብዙ ነው፣ ለአንድ ቦታ የሚመጣው ማመልከቻ ግን ጠረጴዛ ይሞላል። ገንዘብ ያዥ ለመሆን ዋስ ይጠየቃል፤ ዋስ የሚሆን ዘመድ የሌለው ልጅ ፈተናውን አልፎም እዚያው ደጃፍ ላይ ይቀራል።

ጤና፦ ከስሙ በታች ያሉት ስሞች

«ጤና ተማሪ፣ ሥራ አታጪም» የሚለው የእናቶች ምክር በእኔ ዕድሜ ሙሉ እውነት ነበር። ዛሬ ግማሹ ቀርቷል። ወንበሩ አሁንም ብዙ ነው፦ ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራና ሳቢያን ሆስፒታሎች፣ ሐረር ላይ የጁገል ሆስፒታልና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎቹን የሚያሠለጥንበት ሕይወት ፋና፣ በሁለቱም ከተሞች ጤና ጣቢያዎችና የግል ክሊኒኮች። ነገር ግን ማስተማሪያ ሆስፒታል አጠገባችን መኖሩ በየዓመቱ አዲስ ተመራቂ ደጃችን ላይ ይጨምራል። ሐኪም እንኳን የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል።

ስለዚህ «ጤና» ብላችሁ አትምረጡ፤ ከሥሩ ያለውን ስም ምረጡ። ነርስ ብዙ ወንበር አላት፣ ሰልፏም ረጅም ነው። ላቦራቶሪ ከነርስ ያነሰ ወንበር አለው፤ ክሊኒክ በተከፈተ ቁጥር ግን አንድ ሰው ያስፈልጋል።

ፋርማሲ በርጩማ አለው። ሕጉ መድኃኒት ቤት ያለ ባለሙያ አይከፈትም ስለሚል ገንዘብ ያለው ነጋዴ ባለሙያውን ራሱ ፈልጎ ይመጣል። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። «ፈቃድሽን አስቀምጪልን፣ አንቺ መምጣት አያስፈልግሽም፣ በየወሩ ትቀበያለሽ» የሚሉ አሉ። ፈቃድ ማከራየት ማለት ነው። አንድ ቀን ያለ ሐኪም ማዘዣ የማይሸጥ መድኃኒት ተሸጦ ሰው ሲጎዳ የሚጠራው ስም ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ነው። ከነጋዴው ጋር መሥራት ጥሩ ነው፤ ግን ከመደርደሪያው ኋላ ቆማችሁ።

ከሁሉም በላይ ተማሪዎች የሚዘሉት ባዮሜዲካልን ነው። አልትራሳውንድ፣ የላቦራቶሪ ማሽን፣ የመሣሪያ መቀቀያ የሚጠግን ሰው ማለት ነው። ወንበሩ በጣት ይቆጠራል። ግን አንድ የግል ክሊኒክ ማሽኑ ሲቆም ከአዲስ አበባ ባለሙያ ለማስመጣት የአውሮፕላን ትኬትና አልጋ ይከፍላል፣ በመሐል የሚያባርረው ታካሚ ሳይቆጠር። ድሬዳዋ ተቀምጦ ሐረርንና ጅግጅጋን የሚያዳርስ አንድ ታማኝ ጠጋኝ ሥራ አያጣም። አሥር ቢሆኑ ግን አሥሩም ያጣሉ። ስለ ትንሽ ከተማ ስናወራ ሁልጊዜ ይህ ልክ ይታሰባችሁ፤ ጎረቤት ያበለጸገ መስክ እናንተ ስትደርሱ ሞልቶ ሊሆን ይችላል።

ከደንገጎ በላይና ከደንገጎ በታች

ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ መንግሥት ከመቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰባውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ላከ። በዚያ ጎርፍ ውስጥ ብዙ ሲቪል መሐንዲስ ወጣ። የሲቪል መሐንዲስ ወንበር ግንባታ ሲኖር ይኖራል፣ ሲሚንቶ ሲወደድና በጀት ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። ድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ ያላት ከተማ ሆና ይህ መሆኑ ያስቃል፣ ያስለቅሳልም። የራስን ተቋራጭ ፈቃድ ማውጣት ደግሞ ካፒታልና መሣሪያ ይጠይቃል። በርጩማ አለው፣ ግን ውድ በርጩማ ነው።

አሁን ከዚህ አጠገብ አንድ የደረጃ ሙያ (በቴክኒክና ሙያ የሚሰጥ) አስቀምጡ፦ የማቀዝቀዣና የኤር ኮንዲሽነር ጥገና። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ፍሪጅ የቆመበት ቤት ሐዘን የገባበት ይመስላል። ሥጋ ቤቱ፣ ጭማቂ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ ሆቴሉ፣ የባንኩ ማሽን ክፍል፣ ሁሉም ቅዝቃዜ ላይ ቆመዋል። ጋዝ የሚሞላና ኮምፕሬሰር የሚቀይር ሰው በዚያ ወቅት ስልኩን ማንሳት አይደርስለትም። በምንቀጥርበት ቤት ሁለት ጊዜ መሐንዲስ አማርጠን ቀጥረናል፤ የማቀዝቀዣ ባለሙያ ግን ለምነን ነው የምናመጣው።

እዚያው ሙያ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የደንገጎን ዳገት ሲሻገር ዋጋው ይቀንሳል። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትርቅም 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ጋቢ የሚያስደርብ አየር ያለው ሰው ኤር ኮንዲሽነር አይገዛም። ሐረር ላይ ከዚያ ይልቅ እንጨትና ብረት ሥራ፣ የውኃ መስመርና የውኃ ፓምፕ ጥገና ይሻላሉ፤ የውኃ ችግሯን የሚያውቅ ምክንያቱን አይጠይቀኝም። ስለዚህ «የቱ ሙያ ይሻላል» ከማለታችሁ በፊት የቱ ከተማ ለመኖር እንደምታስቡ ወስኑ። የሐረር ልጅ ድሬዳዋ በየቀኑ ተመላልሶ መሥራት ይችላል፣ የሚያደርጉት አሉ፤ የሚኒባሱን ሒሳብና የደንገጎን ጉም ግን አስቀድሞ ያስብ።

በደረጃ ሙያ የምትማሩ የብቃት ምዘናውን ሳትወስዱ አትቅሩ። ብዙ ልጅ ሥልጠናውን ጨርሶ ምዘናውን ይዘላል፤ ከዚያ ፋብሪካ በር ላይ ይመለሳል።

ባቡር፣ ጉምሩክና መጋዘን

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ሲደርስ ከተማ ሆነች። በልጅነቴ የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች የሽመንደፈር ሠራተኞች ነበሩ፤ ከተማው የሚያከብረው ወንበር እሱ ነበር። አሮጌው ባቡር ሲዳከምና ሲቆም ያ ሁሉ ወንበር አብሮ ተነሣ። ያን ጊዜ ልዩነቱን በዓይኔ አየሁ። የቢሮ ጸሐፊ የነበሩት ጎረቤታችን ቤት ዋሉ። ቶርኖ ላይ ይሠሩ የነበሩት ሌላው ጎረቤታችን ግን ግቢያቸው ውስጥ አሮጌ ማሽን ተክለው እስከ እርጅናቸው ብረት ቀረጹ። የወንበርና የበርጩማን ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም ተመረቀ፤ በነሐሴ 2014 ደግሞ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚሁ ተከፈተ። ደረቅ ወደብ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ስለዚህ ሎጂስቲክስ መማር ምክንያት አለው፤ ለድሬዳዋ ልጅ ከማኔጅመንት ይልቅ ሎጂስቲክስን ሳላመነታ እመርጣለሁ። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ወንበሩ ከአንድ መስመር ጋር የታሰረ ነው፤ የጂቡቲ ዕቃ ሲቀዛቀዝ ዕቃ በጉምሩክ የሚያሳልፈው ትራንዚተርም፣ ጫኙም፣ መጋዘን ጠባቂውም በአንድ ቀን ይቀዘቅዛሉ። ሁለተኛ፣ የጉምሩክ አስተላላፊ ለመሆን ዲግሪ ብቻ አይበቃም፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ማሳወቂያ ቅጽ) መሙላት ደግሞ የሚለመደው ልምድ ካለው ትራንዚተር ሥር ቁጭ ብሎ ነው። ኮሌጅ ሳሉ አንዱን ተጠግተው ወረቀት ያመላለሱ ልጆች ከምርቃት በኋላ ከሁሉ ቀድመው ሥራ ሲይዙ አይቻለሁ።

ቶሎ ቶሎ

ቱሪዝም፦ በግንብ የታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ ጁገል በ1998 ዓ.ም የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብታለች፣ ጅቡ በየማታው ከሰው እጅ ይጎርሳል፣ አምስቱ በሮችም ቆመዋል። ይህን ሁሉ ይዞ የቱሪዝም አስተዳደር ዲግሪ ወንበር የለውም ማለት ይቻላል። እንግዳ የሚመጣው አገር ሰላም ሲሆን ነው። ከዲግሪው የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ይሻላል፤ እንግዳ ባይመጣ የከተማው ሰው ይበላል። ቤተሰቡ ጁገል ውስጥ «ጌይ ጋር» የሚባለው የሐረሪ ባህላዊ ቤት ያለው ልጅ ግን ሌላ ሒሳብ አለው፤ በርጩማው ቤቱ ነው።

ግብርና፦ ሐረማያ ከእርሻ ኮሌጅነት የተነሣ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አጠገባችን ሆኖ ልጆቻችን ግብርናን እንደ ቅጣት ያዩታል። የዕፅዋት ሳይንስ ምሩቅ ወንበሩ አብዛኛው የመንግሥት ነው። የእንስሳት ሕክምና ግን በርጩማ አለው፦ ግመልና ፍየል የሚነዳ፣ ላም የሚያልብ ሰው በዙሪያችን ሞልቷል፣ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ግን አልበዛም። እኔ ብሆን ከሲቪል ምሕንድስና አስቀድመው ነበር። ከእናንተ ጋር የምትጣላው አማታችሁ ናት፤ «ዶክተር» ስትባል የሰው እንጂ የከብት አይመስላትም።

ኮምፒውተር፦ የከተማችን ወንበር ጥቂት ነው፣ ሥራው ግን ወንበር ከሌላ ከተማ ማምጣት ይችላል። ለአዲስ አበባ ድርጅት ድሬዳዋ ተቀምጦ የሚሠራ ልጅ አውቃለሁ። መብራት ሲጠፋ የሚሠራበት ሆቴል ሁለት ነው፣ ሁለቱም ቡና ያስከፍሉታል። ችሎታችሁ ከመካከለኛ በላይ ካልሆነ በዚህ መንገድ አትሂዱ፤ እዚህ የምትወዳደሩት ከጎረቤት ጋር አይደለምና።

መምህርነት የግል ትምህርት ቤት ወንበር አለው፣ ደመወዙን ጠይቃችሁ ግቡ። ሕግ ከስም ጋር የሚያድግ ሙያ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት የሚችል ኪስ ይፈልጋል።

ቅጹ ላይ የሌለው ዓምድ

የትኛውም ቅጽ ቋንቋ አይጠይቅም። በእኛ አገር ግን ወንበር የሚያበዛው ቋንቋ ነው። የድሬዳዋ አስተዳደር የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ሐረሪ ክልል ላይ ሐረሪኛና ኦሮምኛ ናቸው፤ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ጅግጅጋ ሶማሊኛ ነው። የእኛ ልጆች ከአማርኛ ሌላ ያሉትን ሦስቱንም ሰፈር ውስጥ ይሰማሉ፤ አንዱንም አጥርተው አይጽፉም። ኦሮምኛን በቁቤ የሚጽፍ የሂሳብ ሠራተኛ ምሥራቅ ሐረርጌ በሙሉ ተከፍቶለታል። የማይጽፈው፣ አፉ ኦሮምኛ እየቀናው፣ የጽሑፍ ፈተናው ላይ ይወድቃል። መስካችሁን ለመለወጥ ከረፈደባችሁ ይህን ለመጨመር አልረፈደም።

ሌላው ዓምድ የተቀማጩ ዕድሜ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በ60 ዓመት ነው። የምትመኙት ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሞላቸው አራት ባለሙያዎች ካሉ፣ መሥሪያ ቤቱ ካልሰፋ በስተቀር ያ በር ለረጅም ጊዜ ተዘግቷል። ነውር የለውም፤ ሂዱና እዩ፣ ቁጠሩ።

የእኅቴ ልጅ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ ፋርማሲን አንደኛ፣ ባዮሜዲካልን ሁለተኛ አድርጋ ሞላች፣ ግን በእርሳስ። ቅዳሜ አንድ የማውቃቸው ፋርማሲስት ዘንድ ወስጃት ግማሽ ቀን ከመደርደሪያው ኋላ ቆመች። ስለ ውጤቷ ይጠይቋታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አንዲት አሮጊት መድኃኒታቸውን ተቀብለው ከወጡ በኋላ ዞር ብለው «ሶማሊኛ ትችያለሽ?» አሏት።

«እሰማለሁ፣ አልናገርም» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ጎረቤት እየሄደች ትለማመዳለች። ቅጹ እስከ ዛሬ በእርሳስ ነው፤ የመመለሻው ቀን ሰኞ ነው።